አፕል የአንባቢ ነፃ አውጪ አልነበረም፦ ለአንድ በብዙ ለተጋራ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። እኔ ጋ ብቻ ከአራት ሰው ደርሶኛል። ሁለቱ የላኩልኝ «እስቲ አንብበው፣ እውነት ነው እንዴ?» ብለው ነው። ይህን የምጽፈው ለእነሱ መልስ እንዲሆን ነው፤ ሌላም ሰው ተመሳሳይ ጥያቄ ካለው ይጠቅመው ይሆናል።

ጽሑፉ የሚያወራው አፕልና አማዞን በኢ-መጽሐፍ ገበያ ላይ ስላደረጉት ፍልሚያ ነው። ጸሐፊው ቋንቋ ያውቅበታል። ብዙ ሰው የረሳውን ታሪክም አስታውሶናል፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። የደረሰበት ድምዳሜ ግን ትክክል አይመስለኝም። ከመቃወሜ በፊት የሚለውን በአግባቡ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ አማዞን ገበያውን ጠቅልሎ ይዞት ስለነበር አፕል በ2010 አይፓድንና የራሱን የመጽሐፍ መደብር ይዞ ባይመጣ አንባቢ የአማዞን ምርኮኛ ሆኖ ይቀር ነበር ይላል። ሁለተኛ፣ አማዞን መጽሐፍ በ9.99 ዶላር ይሸጥ የነበረው ተፎካካሪ ለመግደል ነው ይላል። ሦስተኛ፣ አፕል ከአሳታሚዎች ጋር ያደረገው ውል የተለመደ የንግድ ውል ነበር፣ የአሜሪካ ፍርድ ቤት አፕል ላይ የፈረደው በስህተት ነው ይላል። አራተኛ፣ አፕል በራሱ ስልክ ላይ ከሚሸጥ ነገር 30 በመቶ ቢወስድ መብቱ ነው፣ ሱቅ ያከራየ ሰው ኪራይ ይቀበላል ይላል። አምስተኛ፣ በኢ-መጽሐፍ ላይ ያለው ዲጂታል ቁልፍ (ፋይሉ እንዳይቀዳ ወይም በሌላ መሣሪያ እንዳይከፈት የሚያግደው) የሚያስቸግረው ሌባን እንጂ በገንዘቡ የገዛውን ሰው አይደለም ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ በአንድ መስመር፣ ይህ የፈረንጅ ኩባንያዎች ጠብ ስለሆነ እኛን እምብዛም አይመለከተንም ብሎ ይዘጋል።

ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከመጀመሪያው ልነሳ። አማዞን ገበያውን ይዞት ነበር መባሉ እውነት ነው። የአማዞን ማንበቢያ መሣሪያ ኪንድል በኖቬምበር 2007 በ399 ዶላር ወጣ፣ የመጀመሪያው ዙርም በአምስት ሰዓት ተኩል ውስጥ ተሸጦ አለቀ። አይፓድ እስኪመጣ ድረስ በአሜሪካ ከሚሸጡ አሥር ኢ-መጻሕፍት ዘጠኝ ያህሉ ከአማዞን ይገዙ ነበር። ይህ ለማንም ገበያ ጤናማ አይደለም፤ በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን።

ግን «አፕል ባይመጣ ማንም አይመጣም ነበር» ማለት ታሪኩን መቁረጥ ነው። ሶኒ በአሜሪካ ማንበቢያ መሣሪያ ያወጣው በ2006፣ ከኪንድል በፊት ነው። ትልቁ የመጻሕፍት ሱቅ ባርንስ ኤንድ ኖብል ኑክ የተባለውን መሣሪያ ለገዢዎች ማድረስ የጀመረው በኖቬምበር 2009 መጨረሻ ነው። ያኔ አይፓድ ገና አልተዋወቀም። ካናዳዊው የኢ-መጽሐፍ ኩባንያ ኮቦም መንገድ ጀምሮ ነበር፤ ጎግል ደግሞ የራሱን የኢ-መጽሐፍ መደብር በዲሴምበር 2010 ከፈተ። የአማዞን ድርሻ ከዚያ በኋላ መቀነሱ እውነት ነው። አፕልም የወሰደው ድርሻ አለ። ምስጋናውን ሁሉ ጠቅልሎ ለአፕል መስጠት ግን እነዚህን ሁሉ ከመድረኩ ማውረድ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ ይሄ ነው። አማዞን ከማርች 2009 ጀምሮ የኪንድል መጽሐፍ በአይፎን ላይ እንዲነበብ አፕ ሠርቷል፣ በኋላም በአንድሮይድ ላይ። የአፕል መደብር ግን የተከፈተው በአፕል መሣሪያ ላይ ብቻ ነው። በአንድሮይድ ስልክ አይነበብም፤ በዊንዶውስ ኮምፒውተርም አይነበብም። በአፕል በራሱ ማክ ኮምፒውተር ላይ እንኳ የመጣው በ2013 ነው። ነፃ ያወጣን ኩባንያ መጻሕፍቱን በራሱ ግቢ ውስጥ ብቻ እንድናነብ ካዘዘን፣ ነፃነቱ የቱ ጋ ነው?

የ9.99 ዶላሩን ነገር በአጭሩ ልለፈው፤ ብዙ የሚያከራክር አይደለምና። አዎ፣ አማዞን አንዳንድ አዳዲስ መጻሕፍትን ከጅምላ ዋጋቸው በታች ይሸጥ ነበር። ከአሳታሚው 12 ወይም 13 ዶላር ገዝቶ በ9.99 መሸጥ በየመጽሐፉ ኪሳራ ነው። ይሁንና የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ነገሩን ሲመረምር የአማዞን የኢ-መጽሐፍ ንግድ በጥቅሉ አትራፊ ሆኖ ነው ያገኘው። ጥቂት ዕቃ በኪሳራ አስቀምጦ ደንበኛ መሳብ ደግሞ በየገበያው ያለ ነገር ነው። ጸሐፊው አማዞን ሕግ ጥሷል ብሎ ካመነ መንገዱ አማዞንን መክሰስ ነው። የአንዱ ጥፋት ለሌላው ፈቃድ አይሆንም። በኋላ አፕል ላይ የፈረዱት ዳኛም ያሉት በመሠረቱ ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ውሉ እንምጣ። የጸሐፊው ስህተት የከበደው እዚህ ላይ ነው።

ድሮ መጽሐፍ የሚሸጠው በጅምላ አሠራር ነበር። መደብሩ ከአሳታሚው ይገዛል፣ የመሸጫ ዋጋውን ራሱ ይቆርጣል። አፕል ይዞ የመጣው የውክልና አሠራር ነው። በዚህኛው ዋጋውን አሳታሚው ይቆርጣል፣ መደብሩ እንደ ኮሚሽን ሠራተኛ 30 በመቶ ይወስዳል፣ 70 በመቶው ለአሳታሚው ይሄዳል። ጸሐፊው «ይህ ምን ወንጀል አለው?» ብሎ ይጠይቃል። ምንም የለውም! ፍርድ ቤቱም የውክልና አሠራር በራሱ ወንጀል ነው አላለም። ጸሐፊው መልስ የሰጠው ፍርድ ቤቱ ላላለው ነገር ነው።

ጥፋት የተባለው አምስት ተፎካካሪ አሳታሚዎች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ውል፣ ዋጋ ወደሚጨምርበት መንገድ አብረው እንዲገቡ መደረጉ ነው። ሃሼት፣ ሃርፐርኮሊንስ፣ ማክሚላን፣ ፔንግዊን፣ ሳይመን ኤንድ ሹስተር። የእነዚህ ኩባንያዎች ኃላፊዎች በኒውዮርክ ውድ ምግብ ቤቶች የግል ክፍል ውስጥ እየተገናኙ ስለ አማዞን ዋጋ ሲመክሩ እንደነበር በችሎቱ ተሰምቷል። የአፕሉ ኃላፊ ኤዲ ኪው በዲሴምበር 2009 ሲመጣ ቤንዚኑ ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ነበር። «ሌላ መደብር መጽሐፉን ባነሰ ዋጋ ከሸጠ የእኔም ዋጋ እዚያው ድረስ ይውረድ» የሚል ነው። ሲያዩት ለገዢ የሚያስብ ይመስላል። በወረቀት ላይ እናስላው። አማዞን በ9.99 መሸጡን ከቀጠለ አፕልም በ9.99 ይሸጣል። አሳታሚው ከዚያ ላይ 70 በመቶ፣ ማለትም 7 ዶላር ያህል ያገኛል። በጅምላ ሲሸጥ 12 ወይም 13 ያገኝ ነበር። ስለዚህ አሳታሚው አማዞንንም ወደ ውክልና አሠራር ማስገደድ ግዴታው ይሆናል። አንቀጹ የተሠራው ለዚህ ነው።

የሆነውም ይኸው ነው። አይፓድ የተዋወቀው ጃንዋሪ 27፣ 2010 ነው። በማግስቱ የማክሚላን ኃላፊ ጆን ሳርጀንት ሲያትል ሄደው ለአማዞን የውክልና አሠራሩን አቀረቡ። አማዞን ተቆጥቶ የማክሚላንን መጻሕፍት መግዣ ቁልፍ ከገጹ ላይ አነሳ፣ የወረቀቶቹን ጭምር። እሑድ ጃንዋሪ 31 ላይ እጁን ሰጠ። ለብቻው የቆመ አሳታሚ አማዞንን በሦስት ቀን ማንበርከክ እንደማይችል ማንም ያውቃል። አምስቱ በአንድ ላይ ስለተነሱ ነው።

አፕል ይህን አያውቅም ነበር እንዳይባል፣ በዚያው አይፓድ በተዋወቀበት ቀን ጋዜጠኛው ዋልት ሞስበርግ የአፕሉን አለቃ ስቲቭ ጆብስን ጠይቆታል። አማዞን ላይ 9.99 የሆነውን መጽሐፍ ሰው ለምን እዚህ 14.99 ይገዛል? የጆብስ መልስ ዋጋው አንድ ይሆናል የሚል ነበር። አማዞን ገና ምንም አልፈረመም! ጆብስ በኋላም የሕይወት ታሪኩን ለጻፈው ሰው ለአሳታሚዎቹ ምን ብሎ እንዳሳመናቸው ነግሮታል፤ ዋጋውን እናንተ ትቆርጣላችሁ፣ እኛ 30 በመቶ እንወስዳለን፣ አዎ ገዢው ትንሽ ይጨምራል፣ እናንተም የምትፈልጉት ይህንኑ ነው።

ገዢው ምን ያህል ጨመረ? ፍርድ ቤቱ ፊት በቀረበው ስሌት የእነዚህ አምስት አሳታሚዎች ኢ-መጻሕፍት በአማካይ ወደ 19 በመቶ፣ ከፍተኛ ሽያጭ ያላቸው ደግሞ ወደ 43 በመቶ ተወደዱ። ያን ጊዜ ከውሉ ውጪ የቀረው ትልቅ አሳታሚ ራንደም ሐውስ ነበር። የእሱ ዋጋ ባለበት ቆየ። ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ ከየት ይመጣል? ገበያው አንድ፣ ጊዜው አንድ፣ ልዩነቱ ውሉ ብቻ። «ዋጋ የጨመረው በገበያው ሁኔታ ነው» የሚለው የጸሐፊው አባባል እዚህ ላይ ይወድቃል።

የሚገርመው አሳታሚዎቹ ራሳቸው በየመጽሐፉ የሚያገኙት አነሰ። በአዲሱ አሠራር በ12.99 ከሚሸጥ መጽሐፍ 70 በመቶው 9 ዶላር ገደማ ነው። ያም ሆኖ ፈረሙ። ርካሽ ኢ-መጽሐፍ የወረቀት መጽሐፋቸውን ዋጋ እንዳይጎትተው ፈርተው ነው። ፍርሃታቸው ይገባኛል። ሰው መጽሐፍ አሥር ዶላር ነው ብሎ ከለመደ ሃያ አምስት ዶላር ማስከፈል ይከብዳል። ግን ያን ፍርሃት ለማስታገስ ሂሳቡን የከፈለው አንባቢ ነው።

ፍትሕ ሚኒስቴር ክሱን የመሠረተው በኤፕሪል 2012 ነው። አሳታሚዎቹ አንድ በአንድ ተስማሙ፣ አፕል ብቻውን ቀረ። ዳኛ ዴኒስ ኮት በጁላይ 2013 ፈረዱበት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በጁን 2015 ሁለት ለአንድ አጸናው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማርች 2016 ጉዳዩን አላይም አለ። አፕል 450 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፣ ከዚህም 400 ሚሊዮኑ ለገዢዎች ተመለሰ። በጁን 2016 በየሰው አካውንት ገንዘብ ሲገባ ለአንድ ከፍተኛ ሽያጭ ለነበረው መጽሐፍ 6.93 ዶላር፣ ለሌላው 1.57 ዶላር ነበር።

ለጸሐፊው ሁለት ነገር ልቀበለው። በይግባኝ ችሎቱ በሐሳብ የተለዩት ዳኛ ዴኒስ ጄኮብስ ያነሱት ክርክር ቀላል አይደለም። ገበያውን ዘጠኝ አሥረኛ በያዘ ኩባንያ ላይ የሚገባ አዲስ ተፎካካሪ ጠበቅ ባለ ሚዛን መታየት የለበትም ነው ያሉት። በዚህ ላይ ሕግ አዋቂዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ሁለተኛ፣ ፍርዱ ዋጋን ለዘለቄታው አላወረደም። ከ2014 ጀምሮ ትልልቆቹ አሳታሚዎች እያንዳንዳቸው ከአማዞን ጋር በየፊናቸው ተደራድረው ወደ ውክልና ዓይነት አሠራር ተመልሰዋል፤ ዛሬ አዲስ ኢ-መጽሐፍ 14.99 ሆኖ ማየት ብርቅ አይደለም። ልዩነቱ በየፊናቸው መደራደራቸው ነው። ሕግ የሚጠይቀውም ያንኑ ነው።

አራተኛው ነጥብ። «ሱቅ ያከራየ ኪራይ ይቀበላል።» ይህ ምሳሌ ብዙ ሰው እንዳሳመነ ከአስተያየቶቹ አይቻለሁ። ግን ምሳሌው ከነገሩ ጋር አይገጥምም። ስልኩን እኮ የገዛሁት እኔ ነኝ። ሙሉ ዋጋውን ከፍዬበታለሁ። የአፕል ሱቅ አይደለም፣ የእኔ ቤት ነው። ቤቴን የሠራው ግንበኛ እንጀራ ሻጯ በሬን ባንኳኳች ቁጥር የእንጀራውን ሲሶ ሊወስድ ቢመጣ ኪራይ ነው አልለውም።

ሂሳቡን ደግሞ እንየው። በውክልና አሠራር የመደብሩ ድርሻ 30 በመቶ ነው። አፕል በ2011 በአፕ ውስጥ ከሚሸጥ ዲጂታል ነገር 30 በመቶ ለእኔ አለ። ሠላሳ ሲቀነስ ሠላሳ ዜሮ ነው። ከዜሮ ላይ ሠራተኛ ደመወዝ አይከፈልም፣ ሰርቨር አይከራይም። በአይፎን ላይ ኢ-መጽሐፍ ይሸጥ የነበረ አይፍሎው ሪደር የተባለ ትንሽ ኩባንያ ይህንኑ ስሌት ለደንበኞቹ አስረድቶ በሜይ 2011 መጨረሻ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ኪንድል፣ ኑክና ኮቦ ወደ መደብራቸው የሚወስደውን ቁልፍ ከአይፎን አፓቸው አነሱ። የራሱን መደብር ከዚህ ቀረጥ ውጪ አድርጎ መሸጥ የቻለው አፕል ብቻ ነበር።

«የደኅንነት፣ የቁጥጥር ወጪ አለበት» ይላል ጸሐፊው። ወጪ እንዳለበት እቀበላለሁ። ግን አንድ ነገር ይመልስልኝ። በአይፎን ላይ የአማዞንን አፕ ከፍቼ አንድን መጽሐፍ በወረቀት ብገዛ አፕል ሳንቲም አይወስድም፤ ለሚጨበጥ ዕቃ ክፍያው አይሠራም። በ2011ዱ ደንብ ያንኑ መጽሐፍ በአፑ ውስጥ በኢ-መጽሐፍ ብገዛው ግን 30 በመቶ ይወስድ ነበር። ስልኩ ያው፣ አፑን የመረመረው ሰው ያው፣ ካርዴ ያው። ወጪው ነው ክፍያውን ያመጣው ከተባለ በወረቀቱ ላይ ወጪው የት ሄደ?

መልሱን አፕል ራሱ ሰጥቶናል። በክርክርና በምርመራ ወቅት ይፋ ከወጡት ኢሜይሎች አንዱ ከኖቬምበር 2010 ነው። የአፕሉ ፊል ሺለር የኪንድልን የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አይቶ ለአለቃው ጻፈ። በማስታወቂያው ላይ አንዲት ሴት በአይፎን ታነባለች፣ ከዚያ አንድሮይድ ስልክ አንስታ መጽሐፎቿን ማንበቧን ትቀጥላለች። ሺለርን ያሳሰበው ከአይፎን ወደ አንድሮይድ መሸጋገር ምን ያህል ቀላል እንደሆነ መታየቱ ነው። ጆብስ የመለሰው መጀመሪያ ሁሉም በእኛ የክፍያ መንገድ ይጠቀም፣ መጽሐፍንም ጨምሮ የሚል ነበር። ጥቂት ቆይቶም በአይፎንና አይፓድ ላይ የሚኖረው የመጽሐፍ መደብር የእኛ ብቻ እንደሚሆን፣ ክፍያውም ለብዙ ነገር የማይቻል እንደሆነ እንደሚያውቁት ጽፏል።

እኔ ስለ ነፃ አውጪነት የሚወራውን ስሰማ ያቺ ማስታወቂያ ላይ ያለችው ሴት ትመጣብኛለች። ያደረገችው ነገር ቢኖር መጽሐፏን ይዛ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው መሄድ ነው። አፕልን ያስፈራው ይሄ ነው።

ይህን ስል አፕል ላይ ብቻ ጣቴን መቀሰር አልፈልግም። ጎግልም በ2022 ተመሳሳይ ደንብ ሲያጠብቅ ከአንድሮይዱ የኪንድል አፕ መግዣው ጠፍቷል። በአሜሪካ በአይፎን ላይ የኪንድል መጽሐፍ መግዣ ቁልፍ የተመለሰው በሜይ 2025 ነው፣ ያውም ዳኛ ኢቮን ጎንዛሌዝ ሮጀርስ የጨዋታ ኩባንያው ኤፒክ ጌምስ በከሰሰበት ጉዳይ አፕል ትዕዛዛቸውን እንደጣሰ ከወሰኑ በኋላ። አሥራ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወር ሲቀረው ማለት ነው። ቁልፉ ሲመለስ ስልክ አልፈነዳም፣ የማንም ካርድ በዚህ ምክንያት ሲዘረፍ አልሰማሁም።

አምስተኛው፣ ዲጂታል ቁልፉ ሌባን እንጂ ገዢን አይነካም የሚለው ነው። እዚህ ላይ ቤቴ ውስጥ ያየሁትን ልናገር።

የእህቴ ልጅ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ የገዛችው ከሠላሳ በላይ ኢ-መጽሐፍ ነበራት። መሣሪያዋ ተሰበረና ሌላ ኩባንያ የሠራውን ገዛች። አንድ ቅዳሜ ሶፋው ላይ ተቀምጣ አዲሱን ሰጠችኝ። «ጋሼ፣ ከፍዬበት የለ፤ ለምንድነው የማይከፈተው?» የመጽሐፎቹ ሽፋን በሙሉ ግራጫ ሆኖ ተደርድሯል። አንዱን ስትነካው የማይደገፍ ፋይል ነው የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ለሱቁ ጻፍን። የሸጥንልሽ መጽሐፉን አይደለም፣ የማንበብ ፈቃድ ነው የሚል ትሁት መልስ መጣ። ልጅቷ ሌባ አይደለችም። ደረሰኝ አላት። ሠላሳ ምናምን ደረሰኝ።

ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ነው ከተባለ በአደባባይ የታወቁት አሉ። በጁላይ 2009 አማዞን ሁለት የጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍትን ከገዢዎች ኪንድል ላይ ማንንም ሳያስፈቅድ አጠፋ። ምክንያቱ የሸጠው አካል መብት አልነበረውም ነው። የአማዞን መሥራች ጄፍ ቤዞስ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፣ ገንዘብም ተመለሰ፤ ይህን ለፍትሕ ስል እናገራለሁ። ማይክሮሶፍት በ2019 የመጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ የተገዙት መጻሕፍት ሁሉ ከሰው መሣሪያ ላይ ጠፉ። እሱም ገንዘቡን መልሷል። መጽሐፉ ግን የለም። አማዞን በፌብሩዋሪ 2025 የገዛኸውን ወደ ኮምፒውተርህ አውርደህ በዩኤስቢ የምታስተላልፍበትን መንገድ ዘጋ። የካሊፎርኒያ ግዛት ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ ዲጂታል ሱቆች የሚሸጡት ፈቃድ መሆኑን ለገዢው በግልጽ እንዲናገሩ በሕግ አስገድዳለች። ቁልፉ ገዢን የማይነካ ቢሆን ያ ሕግ ለምን አስፈለገ?

ሌላ መንገድ እንዳለ ደግሞ ከሙዚቃ አይተናል። አማዞን በ2007 ሙዚቃ ያለ ቁልፍ መሸጥ ጀመረ። አፕል በ2009 አይቱንስ ላይ ያለውን ሙዚቃ ሁሉ ከቁልፍ ነፃ አደረገ። እነዚሁ ሁለት ኩባንያዎች ናቸው! ሙዚቃ አልሞተም። በመጽሐፍም ቢሆን የማክሚላን አካል የሆነው ቶር በ2012 ኢ-መጻሕፍቱን ያለ ቁልፍ መሸጥ ጀምሮ፣ ከዓመት በኋላ የሚታይ የስርቆት ጭማሪ እንዳላየ ተናግሯል። ስርቆት የለም እያልኩ አይደለም። አለ፤ ጸሐፊዎችንም ይጎዳል። ግን ሌባው ቁልፉን የሚሰብርበት መሣሪያ አለው። የማትሰብረው የእህቴ ልጅ ናት።

አባቴ ለገሃር አካባቢ ከመንገድ ላይ ሻጮች የገዛቸው መጻሕፍት እቤት አሉ። የአንዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሦስት ሰው ስም አለ፣ የአባቴ አራተኛው ነው። አንዱ ስም በእርሳስ ተሰርዟል፣ አንዱ ሥር የትምህርት ቤት ማኅተም አለ። እኔ አምስተኛ አድርጌ ጽፌበታለሁ። ማንም አሳታሚ ወይም ወረቀት ፋብሪካ መጥቶ ፈቃድህን አሳይ ብሎኝ አያውቅም።

በመጨረሻ፣ «እኛን አይመለከተንም» ስላለው። የአማርኛ ኢ-መጽሐፍ በብዛት የሚኖረው ቴሌግራም ላይ ነው፣ በፒዲኤፍ፣ ብዙውን ጊዜ ጸሐፊው ሳያውቅ። አንዱ ምክንያት በእነዚህ ትልልቅ መደብሮች ላይ ቦታ ማጣታችን ነው። አማዞን ከደራሲዎች ኢ-መጽሐፍ የሚቀበልባቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ላይ ዌልስኛ አለ፣ አይስላንድኛ አለ፤ አማርኛን ፈልጌ አላገኘሁትም። በሁለት በር ብቻ በሚገባበት ገበያ ባለበሩ ያልቆጠረው ቋንቋ ውጭ ይቀራል። ዛሬ የአማርኛ መጽሐፍ መደብር አፕ ለመሥራት የሚነሳ ወጣት ደግሞ ያንኑ የኮሚሽን ስሌት መጋፈጡ አይቀርም፤ መጽሐፉ ላይ ቁልፍ ያድርግ አያድርግም መወሰን አለበት። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኖ ኢ-መጽሐፍ ገዝቶ አዲስ አበባ ላለች እናቱ ሊልክ የሚፈልግ ሰው ፋይሉ መከፈት አለመከፈቱ ይመለከተዋል።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ነገ አይፎንህን ትተህ ሌላ ስልክ ብትገዛ ከአፕል መደብር የገዛሃቸውን መጻሕፍት እንዴት አድርገህ ታነባቸዋለህ? መልሱን ከጻፍከው እኔም ለእነዚያ ለአራቱ ሰዎች አጋራዋለሁ።